የቀበሌ ሸንጎ ከየት ተነሥቶ እዚህ ደረሰ



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ቀበሌ ሸንጎ ጥቂት ታሪክ ላቀርብላችሁ ተነሥቻለሁ። ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ሌላው ተናጋሪውን ሲያይ እኔ ዓይኔ ቃለ ጉባኤው ላይ ነው።

ጥንት በገጠሩ የመንደር ነገር በቺቃ ሹም እጅ ነበር። ግብር ያሰባስባል፣ የበላይ ትእዛዝ ያወርዳል። በ1940 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ትንንሽ ክርክር የሚዳኝ አጥቢያ ዳኛ በአዋጅ ተቋቋመ። ሁለቱም ግን አንድ አንድ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ይመክራቸዋል እንጂ ድምፅ ተቆጥሮ አይወሰንም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ አድርጎ፣ ገበሬውን 20 ጋሻ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ቦታ ላይ በማኅበር አደራጀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ ከተሜውን በቀበሌ አሰባሰበ፤ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውን ትርፍ ቤትም ለቀበሌው ሰጠ። ያን ጊዜ የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው የኛዋ መካነ ሰላም፣ በዙሪያዋም ሳይንትና ወግዲ፣ በዚሁ ሕግ ሥር ገቡ። መሬት ማካፈሉም መዳኘቱም ከነዋሪው መካከል ለተመረጡ ሰዎች ተሰጠ።

ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን የመረጠው ሕዝብ ተመልሶ ካልጠየቀ፣ ሸንጎ የሚሉት ስም ብቻ ይሆናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በብዙ ከተሞች ቀበሌ ሰው ማሰሪያ የሆነው ለዚህ ነው። ማን ለምን እንደታሰረ የሚጠይቅ ጉባኤ አልነበረማ!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዘዘ። በክልላችንም ቀበሌ የራሱ ምክር ቤት፣ አስተዳደርና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እንዲኖረው ተደነገገ።

አሁን አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። በዚሁ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከግማሽ በላይ አባላቱ ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሆናል፤ ውሳኔውም በተገኙት የድምፅ ብልጫ ያልፋል። በዚህ ስሌት 100 አባል ላለው ጉባኤ 51 ሰው ከተገኘ ይበቃል። ከ51ዱ 26ቱ እጅ ካወጡ ነገሩ አለቀ። 25ቱ ተከራክረው ተሸነፉ፤ እሱስ ደንብ ነው። 49ኙ ግን ቤታቸው ተቀምጠው ተወሰነባቸው።

የኛም ዕድር ከዚህ አይለይም። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ ይሞላል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ግን አግዳሚው ባዶ ነው። በኋላ መዋጮ ሲጨመር «ማን ወሰነው?» ማለት ምን ዋጋ አለው? እንምጣ፣ እንናገር፤ የተቃወመውም ሰው ቃል ይጻፍለት፤ ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም በፊት ይነበብልን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ቸር ያሰንብተን።