የድንች ቺፕስ ጀማሪው ማን ነው?
ስለ አንድ የማድ ቤት ሥራ ታሪክ አጭር ጥናት

የታሪክ ተማሪ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሲጽፍ ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም፤ ስለ ድንች ጥብስ ሲጽፍ ግን አስቀድሞ መልስ መስጠት ይገባዋል። የእኛ ምክንያት ይህ ነው። ባለፈው የጾም ወራት እናታችን ለቤተ ሰቡ ቺፕስ ስትጠብስ ተመልክተን፣ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ብለን ጠየቅናት። «ማን ያስተምረኛል? ከጎረቤት አይቼ ነው» አለችን። ብዙ ጸሐፊዎች ግን ለዚሁ ጥያቄ የአንድ ሰው ስም ይሰጣሉ። ከሁለቱ መልሶች ለእውነት የሚቀርበው የትኛው እንደ ሆነ ለመመርመር ይህን ጽሑፍ አቀረብን። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በብዙ ቦታ ተጽፎ የሚገኘው ወግ እንዲህ ይላል። በ1853 በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሳራቶጋ ስፕሪንግስ በተባለችው የመዝናኛ ከተማ አጠገብ ጆርጅ ክረም የተባለ ወጥ ቤት ነበረ። አንድ እንግዳ የቀረበለት የድንች ጥብስ ወፍራም ነው ብሎ ስለ መለሰበት ክረም ተናደደ፤ ድንቹን እንደ ወረቀት አሣሥቶ ቆረጠና እስኪደርቅ ጠብሶ ጨው ነስንሶ ላከለት። እንግዳው ግን በመቀየም ፈንታ ወደደው። ክረም በእውነት የነበረና በሙያው የተመሰገነ ሰው ነው፤ በ1914 ሞተ። ይሁን እንጂ ጀማሪዋ እኅቱ ኬት ዊክስ ናት የሚል ሌላ ወግም አለ።

አሁን ዓመታቱን እናመዛዝን። ዊልያም ኪችነር የተባለው እንግሊዛዊ በ1817 ባሳተመው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ ድንችን በሥሡ ቆርጦ ወይም እንደ ሎሚ ልጣጭ ዙሪያውን ልጦ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ በሞራ መጥበስ እንደሚገባ ገልጿል። በአሜሪካም ሜሪ ራንዶልፍ በ1824 ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ ተመሳሳይ አሠራር ይገኛል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከሳራቶጋው ወግ በ36 ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ ክረም ጥብሱን አስመስግኖት ይሆናል እንጂ ጀማሪው ሊባል አይችልም። ኪችነርም ቢሆን መጀመሪያ የጻፈው ነው እንጂ መጀመሪያ የጠበሰው ነው ለማለት ማስረጃ የለንም። መጻፍና መጀመር ሁለት ልዩ ነገሮች ናቸውና።

ይኸው ጥያቄ በአገራችንም ይነሣል። ድንች ከጥንት ጀምሮ የተለማው በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ሲሆን፣ እስፓኞች ከ1550 በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ ኤውሮፓ አሻገሩት። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1837 ወደ አገራችን የመጣውና በ1878 ዐድዋ ላይ የሞተው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል፤ ጊዜውም ብዙውን ጊዜ 1858 ይባላል። ነገር ግን ዘር ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ዘሩ የሕዝብ ምግብ መሆኑ ሌላ ነገር ነው። ድንች በገበሬው ዘንድ የተስፋፋው ቀስ በቀስ፣ በተለይም ከ1888 እስከ 1892 ከነበረው ከክፉ ቀን ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ የሚያርስ ጠፋ። ድንች ግን በሬ ባይኖርም በመቆፈሪያ ይተከላል፤ በ3 ወይም በ4 ወር ውስጥም ይደርሳል። ለተራበ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በደቡብም የወላይታ ድንች የሚባለው አገር በቀል ተክል ስላለ፣ ሥሩ የሚበላ ተክል ለገበሬው እንግዳ አልነበረም። ስለዚህ የሺምፐር ስም ቢጻፍም፣ ስማቸው ያልተጻፈው ገበሬዎች ሥራ ከእርሱ ሥራ አያንስም እንላለን።

ወደ ማድ ቤት እንመለስ። እናታችን ድንቹን ልጣ በሥሡ ትቆርጣለች፤ ውሃው ነጭ መሆኑን እስኪተው ደጋግማ ታጥባለች፤ በንጹሕ ጨርቅም ታደርቃለች። ዘይቱ ሲግል ጥቂት ጥቂት እያደረገች ትጨምራለች፤ እንዳወጣችውም ትኩስ ሳለ ጨው ትነሰንስበታለች። ለዚህ ሁሉ ምክንያት አለው። ውሃው የሚያወጣው ነጭ ነገር ስታርች ነው፤ ካልታጠበ ቁራጮቹ ይጣበቃሉ። እርጥበቱ ካልደረቀ ዘይቱ ይፈናጠራል፤ ብዙ በአንድ ጊዜ ከተጨመረም ዘይቱ ይበርድና ጥብሱ ይልፈሰፈሳል። ድንቹ በብርድ ቦታ ከቆየ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ቶሎ ይጠቁራል። እኛም ራሳችን ሞክረን ማድረቁን ንቀን ስለ ተውነው እጃችን ተቃጠለ፤ የበላነውም የራሰ ጥብስ ነበረ። እናታችን የኪችነርን መጽሐፍ አይታ አታውቅም፤ ሆኖም ስለ ጨርቁ የሁለቱ ቃል አንድ ነው። ሥራው ራሱ ሁለቱንም አስተምሯቸዋልና።

ቺፕስ የፋብሪካ ንግድ በሆነ ጊዜም ቤት ከታሪኩ አልወጣም። ቀድሞ በበርሜል ተሞልቶ ሲሸጥ ከታች ያለው እየተሰባበረና እየለሰለሰ ያስቸግር ነበር። በ1926 በካሊፎርኒያ ሎራ ስከደር የተባለችው ነጋዴ ሠራተኞቿ ሰም የተቀባ ወረቀት ወደ ቤታቸው ወስደው በካውያ እየተኮሱ ከረጢት እንዲሠሩ አደረገች። ቺፕሱም ሳይለሰልስ ሩቅ ለመሄድ ቻለ።

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ የእናታችን መልስ ከወጉ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው። ድንች ቺፕስ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የተላለፈ ሙያ ነው፤ ስም የሚወጣለት ግን ወደ ጽሑፍ የገባው ሰው ብቻ ነው። በአገራችን ይህን የመሰለ ሙያ የያዙት እናቶች አብዛኛዎቹ አልጻፉም፤ እኛ የተማርነውም አልጠየቅናቸውም። ሲያልፉ ሙያቸው አብሮ ያልፋል፤ ነገም አንድ ሰው ተነሥቶ «ጀማሪው እኔ ነኝ» ቢል የሚቃወምበት ማስረጃ አይኖርም። ስለዚህ ባልንጀሮቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ ደብተር ይዘው ማድ ቤት እንዲገቡ እንለምናለን። መምህራኖቻችንም እንዲህ ያለውን ጥናት ከታሪክ ሥራ እንዲቈጥሩልን እናሳስባለን።