አስናቀ ይያዛል? ከአውጫጭኝ እስከ ተከታታይ ድራማ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ሰው ለሰው» የተባለውን ድራማ በየሳምንቱ ያሳይ በነበረበት ጊዜ፣ በማግስቱ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቡና ላይ የሚነሳው ጥያቄ ያው አንድ ነበር፤ አስናቀ ይያዛል ወይስ ያመልጣል? አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ሀብታም ነው፣ ለዓይን ጨዋ ነው፣ አነጋገሩ የረጋ ነው። ከጀርባ ግን ወንጀሉን የሚያቀናብረው እሱ ነው። ድራማው ወደ ማለቂያው በተቃረበ ቁጥር ግምቱም በዛ። አንዱ «እስር ቤት ይገባል» ሲል ሌላው «እንዲህ ያለ ሰው አይታሰርም፣ ይሞታል እንጂ» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «ኧረ ደራሲው አይጨክንበትም» ትላለች።

ልብ በሉ፣ እዚህ ክርክር ውስጥ «ወንጀለኛው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ የለም። ተመልካቹ አስናቀን ሲያሴር በዓይኑ አይቶታል። እንዲህ ያለው የወንጀል ድራማ በሌላ አገርም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በተከታታይነት የቀረበው የአሜሪካው «ኮሎምቦ» ገዳዩን ገና በመጀመሪያው ያሳየናል፤ የቀረን መርማሪው እንዴት እንደሚደርስበት ማየት ነው። የእኛ ተመልካች የሚገምተው ግን የመርማሪውን ብልሃት አልነበረም፣ ፍርዱን ነበር። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ተመልካቹ ከቴሌቪዥን በፊትም ወንጀለኛ ሲፈለግና ሲፈረድበት አብሮ መቀመጥ የለመደ ሕዝብ ነው።

ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መርሐቤቴ እንሂድ። ዋና ከተማዋ ዓለም ከተማ የምትገኝበት አገር በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆ የተከበበ ነው። ድልድይና የመኪና መንገድ ሳይኖር ክረምት ሲገባ ወንዝ ተሻግሮ ዳኛ ማምጣት ቀላል አልነበረም። ታዲያ ሌሊት በሬ ቢነዳ፣ ክምር ቢቃጠል፣ መንገድ ላይ ሬሳ ቢገኝ፣ ያደረገውም ሰው ባይታወቅ ምን ይደረጋል? ፖሊስ ጣቢያ የለም፤ ስለዚህ ምርመራው የአገሩ ሰው ሁሉ ሥራ ነው። ይህ ነው አውጫጭኝ የሚባለው፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ። በመርሐቤቴ ብቻ አይደለም፣ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የታወቀ ሥርዓት ነበር።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የአካባቢው ሹም ቀን ይቆርጣል፣ የአካባቢው ወንድ ሁሉ በተባለው ሜዳ ይገኛል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ሰው ሁሉ በተራ እየማለ ያየውን፣ የሰማውን፣ የሚጠረጥረውን ይናገራል። ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። እርሻዬ ቆመ፣ ከብቴ ጠባቂ አጣ ብሎ መለመን አያዋጣም። እንዲያውም ሥርዓቱ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ቀኑ በረዘመና ሆዱ በጮኸ ቁጥር «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ የተቀመጠው ሰው ዝም ማለቱ እየከበደው ይሄዳል።

ግን ደግሞ ማን ደፍሮ በአደባባይ ይናገራል? ነገ ከተከሳሹ ወንድም ጋር አንድ ወንዝ ውሃ ይቀዳል፣ አንድ ገበያ ይውላል፤ ደም መቃባትም አለ። ለዚህ ነው «ወፍ» የተፈለገው። ወፍ ማለት የሚያውቀውን ለተመረጡት ሽማግሌዎች በምስጢር የሚነግር ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ የነገራቸውን ሰው ስም አያወጡም፤ ወፍ ነግሮናል ይላሉ፣ አበቃ። ዛሬም ስለ ምስጢር ወሬ «ወፍ ነገረኝ» የምንለው ቀልድ ቢመስልም በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ የሰው ንብረት፣ አንዳንዴም ነፍስ የሚወሰንበት ቃል ነበር። ወንጀለኛው ካልተገኘስ? የጠፋውን አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል። ግምትህ ከተሳሳተ ጎረቤትህን ታጠፋለህ፣ ከነጭራሹ ካልገመትክ ደግሞ ኪስህ ይጎዳል። የቴሌቪዥን ተመልካች እንዲህ ያለ ዕዳ የለበትም።

ሁለተኛው መንገድ ሌባሻይ ነው። እዚህ ላይ ቃለ መሐላም ምስክርም የለም። አንድ ልጅ የሚጠጣ ነገር ይሰጠዋል፣ ይጨስበታል፣ ራሱን ሲስት ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ለመሆኑ ልጁ ወዴት እንደሚሮጥ የሚወስነው ማን ነው? መጠጡ? ገመዱን የያዘው ሰው? ወይስ መንደሩ ድሮውንም የሚጠረጥረው ቤት በየትኛው በኩል እንደሆነ ልጁ ስለሚያውቅ ነው? በእኔ ግምት የመጨረሻው ቀላል አይደለም። ስንት ንጹሕ ሰው እንደከፈለበት መገመት አያዳግትም፤ ልማዱም በመጨረሻ በመንግሥት ትእዛዝ ታግዷል።

ሦስተኛው ደግሞ ችሎቱ ራሱ ነው። «ተጠየቅ» እየተባለ በዛፍ ጥላ ሥር የሚደረገው የበልሃ ልበልሃ ሙግት ፍርድ መስጫ ብቻ ሳይሆን የአገር ትርኢትም ነበር። ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዱላውን እየሰበቀ፣ ቃሉን በግጥም እያዋዛ ይጠይቃል፣ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ቆሞ ይሰማል፣ ማን እንደሚረታም ይገምታል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ ባጠናው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ የአማራ ገበሬ ሙግት ወዳድነትን አንስቷል። የመጽሐፉ ርዕስ ሰምና ወርቅ መሆኑ ለእኛም ጉዳይ ይጠቅማል። ቅኔ ሰምቶ ወርቁን መፈለግ የለመደ ጆሮ ድራማ ሲያይም ደራሲው ሰም አድርጎ ካስቀመጠው ሥር ሌላ ነገር ይፈልጋል። «ያቺ ስልክ ዝም ብላ አልጮኸችም!»

የፈረንጁም አገር ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ቻርለስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1870 ሲሞት ስለ ኤድዊን ድሩድ መጥፋት የሚተርከው ልብ ወለዱ ከታሰበው 12 ክፍል 6ቱ ብቻ ተጽፎ ነበር። አንባቢ ለዓመታት ሲገምት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1914 ለንደን ውስጥ በአጎትየው በጃስፐር ላይ የይስሙላ ችሎት ተቋቋመ። ዳኛው ደራሲው ቼስተርተን፣ የሕዝብ ዳኞቹ ሰብሳቢ ደግሞ በርናርድ ሾው ነበሩ። ክርክሩ በቀልድ ተጠናቆ ቼስተርተን ከራሱ በቀር ችሎቱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ችሎት በመድፈር ቀጣ። ያልተገኘውን ወንጀለኛ ዕዳ አገር ይክፈል ማለት ይኸው አይደል?

እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ደግሞ የምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የፍራንሲስ ደርብሪጅን ባለ ስድስት ክፍል የወንጀል ድራማ አሳየ። ገዳዩ ሰዎችን በሻሽ አንቆ ነው የሚገድለው። ቴሌቪዥን ካለው ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ይከታተለው ነበር፣ በሰዓቱም መንገዱ ጭር ይል ነበር። ከመጨረሻው ክፍል አንድ ቀን በፊት ቮልፍጋንግ ኖይስ የተባለ ቀልደኛ የበርሊን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ የገዳዩን ተዋናይ ስም ተናገረ፤ ቤት አትቀመጡ፣ ሲኒማ ሂዱ አለ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ አንድ ትልቅ ጋዜጣም አገር ከዳ ብሎ ሰደበው። አሜሪካኖቹ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1980 «ዳላስ» ላይ ጄ.አር. የተባለው ገጸ ባሕርይ ከተተኮሰበት ጊዜ ጀምሮ ተኳሹ እስኪታወቅ ስምንት ወር ጠበቁ። ውርርድም ተካሄደበት።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ይለወጣል። በአውጫጭኝ ሰው የሚያስበው ስለ ወንጀሉ ነው፤ ማን ከማን ተጣልቶ ነበር፣ ያን ሌሊት ማን ቤቱ አልነበረም። ድራማ የሚያይ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ወንጀለኛውን ሳይሆን ደራሲውን ነው። «እሷማ ልትሆን አትችልም፣ ገና በሁለተኛው ክፍል አስጠርጥረውናል፤ ስለዚህ ያ ዝምተኛው ዘበኛ ነው» ይላል። ለድራማ ይህ ትክክለኛ አስተሳሰብ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሳካል። ደራሲ ሊያስደንቀን ስለሚፈልግ ያልተጠረጠረውን ይመርጣል። በእውነተኛው ዓለም ግን ወንጀልን የሚያቀናብርልን ደራሲ የለም። ዝምተኛው ዘበኛ ዝም ያለው ስለደከመው ሊሆን ይችላል።

ጭንቄ እዚህ ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ እውነተኛ ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስ «ፊቱን አይታችሁታል?»፣ «ለቅሶው ላይ እንባ እንኳን አልወጣውም» የሚለው ወሬ የድራማ ግምት እንጂ የአውጫጭኝ ምስክርነት አይደለም። ለሌባሻይ ይቀርባል፤ የሚሮጥ ልጅ ብቻ ነው የቀረው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ሰጥቷል። ሻይ ቤት ውስጥ ያለው ችሎት ግን ይህን አንቀጽ አያውቀውም።

ለመሆኑ ይህን ያህል ሰው አብሮ እንዲገምት ያደረገው ምንድን ነው? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ሥራ ከጀመረ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ብቸኛው ጣቢያ ነበር። «ገመና»ም ሆነ «ሰው ለሰው» ሲታይ አብዛኛው ሰው የሚያየው ያንኑ በዚያው ሰዓት ነው። ደግሞ ሳምንት መጠበቅ አለ። በመሃል መብራት ከሄደ ያየ ሰው ፈልጎ መጠየቅ ነው፤ ያም ሰው የራሱን ግምት ጨምሮ ይነግርሃል። ሳምንቱ ባይኖር ግምቱም አይኖርም ነበር።

ከዚያ በ2008 ቃና ቴሌቪዥን መጣ። ወደ አማርኛ መልሶ ካቀረባቸው የቱርክ ድራማዎች አንዱ «ጥቁር ፍቅር» ነው። መነሻው የወንጀል ጉዳይ ነው፤ የፖሊሱ የኦመር እጮኛና የኤሊፍ አባት አንድ መኪና ውስጥ ተገድለው ይገኛሉ። ልዩነቱ ይህ ድራማ ቃና ከመከፈቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 ቱርክ ውስጥ ታይቶ ማለቁ ነው። እዚህ ሰው «ገዳዩ ማን ይሆን?» እያለ ሲከራከር መልሱ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ነበር። እንደ ዓለም ከተማ ባለ ቦታም ስልኩ ላይ መጨረሻውን አይቶ የጨረሰ አንድ ወጣት ከሻይ ቤቱ ጥግ አይጠፋም። ወፉ እሱ ነው። ድሮ ወፍ እስኪናገር ድረስ ከሜዳው የሚነሳ ሰው አልነበረም፤ አሁን ወፉ አፉን ሊከፍት ሲል ነው ቤቱ ሙሉ «ዝም በል አንተ ልጅ!» ብሎ የሚጮህበት።