ካቴነሪ፦ ራስጌ ሽቦ

ካቴነሪ ከባቡር ሐዲድ በላይ ተዘርግቶ ለኤሌክትሪክ ባቡር ኃይል የሚሰጠው የሽቦ መስመር ነው። ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ ይምሰል እንጂ ወንድሙን እናውቀዋለን፤ ፖሊስ እጅ ላይ የሚያጠልቀው ካቴና ነው። ሁለቱም የሚመዘዙት «ሰንሰለት» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ካቴና በጣሊያንኛ በኩል ወደ አማርኛ ሲገባ፣ ካቴነሪ የሒሳብ ሊቃውንትን ተከትሎ ሄደ። ሁለት ጫፉ የተያዘ ሰንሰለት መሐሉ ረገብ ሲል የሚሠራውን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1691 ሁይገንስ፣ ላይብኒትስና ዮሐን በርኑሊ በየፊናቸው ፈቱት።

ባቡር ላይ ይህን ቅርጽ የሚይዘው የላይኛው ሽቦ ነው። ከእርሱ የሚወርዱ አጭርና ረጅም ማንጠልጠያዎች የታችኛውን ሽቦ ደልዳላ አድርገው ይይዙታል። ፓንቶግራፍ የሚባለው፣ ጣሪያ ላይ የሚነሣና የሚታጠፈው ክንድ የሚታከከው ይህንኑ የታችኛውን ነው። እርሱም ቢሆን መንገዱን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ግራ ቀኝ እያለ ነው የሚዘረጋው። አለዚያ የክንዱን አንድ ቦታ ብቻ ቦርቡሮ ይጨርሰው ነበር።

እንግዲህ «ሰንሰለታዊ ሽቦ» ብለን ብንተረጉመው ሥራ የሚሠራውን ትተን የሚረግበውን ሰየምን ማለት ነው። እኔ «ራስጌ ሽቦ» እላለሁ። አልጋ ራስጌና ግርጌ እንዳለው ሁሉ ባቡርም ኃይሉን ከራስጌ፣ ከሽቦው፣ ወይም ከግርጌ፣ ከሐዲዱ፣ ሊያገኝ ይችላል።

ጥንዱ ይበልጥ የሚጠቅመው በሞዴል ባቡር ሠሪዎች ዘንድ ነው። በ1፡87 መጠን የሚሠራ ሰው፣ በእውኑ ዓለም 5.5 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ሽቦ 63 ሚሊ ሜትር ላይ ይዘረጋል። ምሰሶውን አንድ በአንድ ተክሎ ሲጨርስ ታዲያ ጥያቄ ይመጣል፦ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ በሥሩ ባስኬድ ያስቃል?

አያስቅም። በመጀመሪያ ነገር የሞዴሉ «ናፍጣ» ጠብታ ነዳጅ የለበትም፤ ሞተሩ ከግርጌ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ይዞራል። አብዛኛው እውነተኛ የናፍጣ ሎኮሞቲቭም ቢሆን ጄኔሬተሩን ተሸክሞ የሚዞር ኤሌክትሪክ ባቡር ነው።

የጀርመኑ የሞዴል ባቡር ፋብሪካ ሜርክሊን በቆዩት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮቹ ላይ ትንሽ ማብሪያ ያደርግ ነበር፤ ወዲህ ሲሉት ከግርጌ፣ ወዲያ ሲሉት ከራስጌ ይበላል። ናፍጣውን በአንድ መቆጣጠሪያ ከግርጌ፣ ኤሌክትሪኩን በሌላ ከራስጌ እየመገቡ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ለየብቻ መንዳት ይቻል ነበር። አንዱ ሐዲድ መስጫ፣ ሌላው መመለሻ በሆነበት ባለ ሁለት ሐዲድ ሥርዓት ግን ነገሩ ያስቸግራል። ሎኮሞቲቩ ከሽቦው የተቀበለውን በአንዱ ሐዲድ ይመልሳል፤ አፉን አዙረው ካስቀመጡት መመለሻው በሌላው በኩል ይሆንና ወይ ይቆማል፣ ወይ ያልታሰበ ኮንታክት ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ዲጂታል ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በሐዲዱ ስለሚላክ ራስጌ ሽቦው በብዙ ቤት ጌጥ ሆኗል። የሽቦ ሠሪው ድካም እንዲህ ጌጥ ሆኖ መቅረቱ ይቆጨኛል።

በእውኑ ዓለም ናፍጣና ራስጌ ሽቦ አብረው የኖሩበት ምሳሌ የሚፈልግ፣ የአሜሪካውን የባቡር ኩባንያ፣ ሚልዋኪ ሮድን፣ ይመልከት። ኩባንያው ከሞንታና ሃርሎውተን እስከ አይዳሆ ኤቨሪ 705 ኪሎ ሜትር ያህል በ3,000 ቮልት ሽቦ ሸፍኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ከገዛቸው ሎኮሞቲቮች 12ቱ መጀመሪያ ለሶቭየት ኅብረት ታዝዘው ቀዝቃዛው ጦርነት ያስቀራቸው ናቸው፤ ሠራተኞቹም በጆሴፍ ስታሊን ስም «ትንሹ ጆ» አሏቸው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የ«ጆ» ነጂ ከኋላው የተቀጠሉትን የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ከራሱ ወንበር ሆኖ ያዛቸው ነበር፤ አንዱ ከሽቦ፣ ሌላው ከታንከሩ እየበሉ አንድ ባቡር ይጎትቱ ነበር። ኤሌክትሪኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋረጠ፤ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በነካበት ሰሞን!

ሽቦ ባለበት አገርም ቢሆን ናፍጣ የሚጠቅምበት ሥራ አለ። ራስጌ ሽቦው ሲበጠስ ወይም ሲጠገን ኃይሉ ይጠፋል፤ ጠጋኞቹን የሚያደርሰው ባቡር ከዚያው ሽቦ ሊበላ አይችልም። ስለዚህ ቃሉ በሥራ ቦታ ሲውል እንዲህ ይባላል፦ «ራስጌው ጠፍቷል፤ ናፍጣውን አምጡልኝ።»