ዘርዓይ ድረስ፦ ከጎራዴው በኋላ የነበሩት ሰባት ዓመታት

ዘርዓይ ድረስን ስሙን የማያውቅ የተማረ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያዳግታል። ተማሪዎቼን ስለ እርሱ በጠየቅሁ ቁጥር የማገኘው መልስም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ በሮም አደባባይ የይሁዳን አንበሳ ባየ ጊዜ ደሙ ፈላ፤ ጎራዴውን መዝዞ ፋሽስቶችን እንደ ጎመን ከተፋቸው፤ በመጨረሻም በጥይት ተመትቶ ወደቀ። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ተራኪው ይለያያል። አንዳንዱ እንዲያውም ሙሶሊኒን ራሱን ከመድረኩ ላይ ያቆመዋል። ትረካው ግን የትም ቢተረክ እዚያው ላይ ያበቃል። የእኔ ሙግት ከዚህ ማብቂያው ጋር ነው።

ዘርዓይ በጣልያን ቅኝ ግዛት በኤርትራ የተወለደ ወጣት ነበር። ሮም የገባው በጦረኝነት ሳይሆን በአስተርጓሚነት ነው፤ ከወረራው በኋላ ወደ ጣልያን ለተጋዙት ኢትዮጵያውያን መኳንንት እንዲያስተረጉም ተጠርቶ። አስተርጓሚ ደግሞ የገዢውን ንቀት በገዢው ቋንቋ፣ ሳይለዝብ፣ በቀጥታ የሚሰማ ሰው ነው። ይህ ነጥብ በአፈ ታሪኩ ውስጥ ቦታ ማጣቱ ይገርመኛል።

ስፍራውም ተራ አደባባይ አልነበረም። በሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ አንድ ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት ቆሟል። ጣልያኖች ይህን ሐውልት በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት፣ ወደ 500 ለሚጠጋ ጦራቸው መታሰቢያ አድርገውታል። ፋሽስቶች ከአዲስ አበባ ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ከዚሁ ሐውልት ሥር አኖሩት። ከዶጋሊ ሽንፈት ሃምሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መልእክቱ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ለአስተርጓሚው ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ በአንበሳው ፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስነሡት የቀረቡት ሰዎች በከለከሉት ጊዜ ጣልያንን በአደባባይ አወገዘ፤ ጎራዴውን መዝዞም በርካታ ሰዎች አቆሰለ። በጥይት ተመትቶ ቆስሎ ተያዘ። አልሞተም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ሕዝባችን የማይተርከው። የፋሽስቱ መንግሥት የአእምሮ ሕመምተኛ አሰኝቶ በሲሲሊ፣ ባርሴሎና ፖዞ ዲ ጎቶ በምትባል ከተማ ወደሚገኝ የወንጀለኞች የአእምሮ ሆስፒታል ላከው። ስሌቱ አይጠፋንም። በቅኝ ተገዢነት ያደገ ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማ በቀን ብርሃን ተነሣ ብሎ ማመን ስለ ቅኝ ግዛቱ ብዙ ማመን ነው፤ አበደ ብሎ መዝጋት ግን ምንም አያስጠይቅም።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ዘመኖቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ዘርዓይ ተዘግቶበታል። በነሐሴ 1935 ዓ.ም. የተባባሪዎቹ ኃይሎች ሲሲሊን ሙሉ በሙሉ ሲይዙ፣ ፋሽዝም ከደሴቲቱ ሲነቀል፣ እርሱ እዚያው ነው። ሙሶሊኒ በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ተገደለ። ዘርዓይ ያረፈው ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ሰኔ 29 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ሆስፒታል። አገሩ ነጻ በወጣች በአራተኛው ዓመት፣ ያሰረው መንግሥትም ከወደቀ በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ አፈ ታሪኩ በአደባባይ ባይገድለው ኖሮ አንድ ጥያቄ ይከተለን ነበር፦ ከ1933 እስከ 1937 ማን ጠየቀው? በአደባባይ የወደቀ ጀግና ዕዳ አያስከትልም፤ ተዘግቶበት የቆየ ጀግና ግን ያስከትላል። የተገደሉትን ቁጥር የምናበዛለት የቀረውን ዕድሜውን እያሳጠርንበት ይመስለኛል።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ደግሞ «የማን ጀግና ነው?» የሚል ክርክር አልፎ አልፎ ይሰማል። በትውልዱ ኤርትራዊ መሆኑ አያከራክርም፤ የተንበረከከው በይሁዳ አንበሳ ፊት መሆኑም እንዲሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ለእርሱ አልከበደውም ነበር። የሚከራከሩት ወገኖች ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንን የሰኔ ቀን እንጂ ሲሲሊን አይደለም።

አንበሳው ከዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተተከለ። በመማሪያ መጻሕፍታችንም ከአንበሳው ሥዕል ጎን የባርሴሎና ፖዞ ዲ ጎቶ ስም፣ ከነሰባት ዓመቱ፣ ቢገባ እወዳለሁ።