ከቅኔ ቤት ወደ ልቦለድ፦ የሐዲስ ዓለማየሁ የንባብ ሥር

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ምንጭ ምንድን ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣው የረጅም ልቦለድ ቅርጽ ይጠቀሳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በዲፕሎማትነት በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በለንደን ስለኖሩ መልሱ ለመቀበል ይቀላል። ስለ ቅርጹ ከሆነ እስማማለሁ፤ የመጽሐፉ ስፋትና የገጸ ባሕርያቱ የውስጥ ትግል በዝርዝር መተረኩ ቅኔ ቤት ብቻውን የሚያስተምረው አይደለም። የመጽሐፉ ኃይል ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስለኛል፤ ደራሲው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በጎጃም ካለፉበት ትምህርት።

በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ፣ ፊደልና ዳዊት ከዘለቁ በኋላ ቅኔ ፍለጋ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤቶች ተምረዋል። በዚያ ሥርዓት ማንበብና መድረስ ተነጣጥለው አይኖሩም። ተማሪው መምህሩ የዘረፉትን ቅኔ ሰምቶ ይይዛል፤ የሰዋስው አገባቡን ይፈታል፤ ከዚያ ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቶ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲደርስ፣ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም። አድማጮቹም መምህሩና ባልንጀሮቹ ናቸው፤ ሳተ ማለት የሚችሉ፣ የሚያርሙ ሰዎች። በዚህ መንገድ ያደገ አንባቢ የሰማውን ሁሉ ሊመልስለት፣ ሊሟገተውም ይለምዳል።

ይህ ልማድ በልቦለዱ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው ከገጸ ባሕርያቱ በአንዱ፣ በጉዱ ካሣ አንደበት ነው። የማኅበረሰቡን አቋም አንዱ በሌላው ላይ ከተጫነ የድንጋይ ካብ ጋር እያመሳሰለ ሲተች፣ ምሳሌውን ጥሎ አይሄድም። ከታች ያለውን ድንጋይ፣ ከላይ ያለውን ጭነትና የመናዱን አይቀሬነት ደረጃ በደረጃ ያወጣዋል። አንድ ምሳሌ ይዞ እስከ መጨረሻው መግፋት የቅኔ ሰው ሙያ ነው። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ እንደ እብድ ቢቆጥሩትም፣ አንባቢ ሙግቱን የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ አይስተውም።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የፍቅሩ አጀማመር ነው። በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው በዛብህ ሰብለ ወንጌልን የሚቀርባት ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምራት ወደ አባቷ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ስለገባ ነው። በዘርና በማዕርግ ሊገናኙ የማይችሉትን ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ያስቀመጣቸው ትምህርት ነው፤ ሌላ ሰበብ የላቸውም። ደራሲው ለገበያ፣ ለበዓል ወይም ለሠርግ ግርግር መገናኘትን ሊሰጡት ይችሉ ነበር። ንባብን መምረጣቸውን እንደ አጋጣሚ አላየውም፤ የባላባቱን አጥር አልፎ ሊገባ የሚችል የደሃ ልጅ ሀብት እውቀት ብቻ መሆኑን ከራሳቸው ሕይወት ያውቁት ነበር። ያው እውቀት ግን በዛብህን በስለቱ አስሮታል። ከፍ ያደረገውና የከለከለው አንድ ቤት መሆኑ ነው የመጽሐፉ ሰቆቃ።

ሁለተኛው ምንጭ ተረት ነው፤ እዚህ ላይ ምርምራችን ቸልተኛ ሆኗል። ሐዲስ ከልቦለዱ ዐሥር ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። ብዙ ጊዜ የልጆች መጽሐፍ ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ልቦለዱን የሚተርከው ድምፅ የተፈተነበት ቦታ አድርጌ አነበዋለሁ፦ የማይቸኩል፣ ትውልድ ቆጥሮ የሚጀምር፣ ክፉውን ሰው ሳይቀር በአነጋገሩ የሚያስተዋውቅ ተራኪ። የማንኩሳው የቦጋለ መብራቱ ታሪክ ልጁ በዛብህ ከመወለዱ በፊት መነገሩ የዚሁ ወግ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው መጽሐፉ ያን ያህል አድማጭ መያዙም ከተራኪው ድምፅ ጋር መያያዝ አለበት፤ የወጋየሁ ችሎታ ታላቅ ነበር፣ ጽሑፉም ለጆሮ የተሠራ ነበር።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ከሀገር ርቀው መቆየታቸውም መዘንጋት የለበትም። ዲማንና አካባቢዋን በዚያ ዝርዝር የጻፈው ሰው፣ ጎጃምን ከሩቅ ሆኖ በትዝታ መጠበቅ የተገደደ ሰው ነው። «ተረት ተረት የመሠረት»ን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጎን አስቀምጦ፣ ተራኪው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቦታ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚያነጻጽር ጥናት ቢሠራ፣ ስለ አማርኛ ልቦለድ አመጣጥ የያዝነውን ታሪክ ከመሠረቱ ሊለውጠው ይችላል።