የቤቴል ኢንተርኔት ለምን ይጎተታል? የሁለት ቀጭን ሽቦዎች ታሪክ

ሰሞኑን ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሰው ከተገናኘ ወሬው አንድ ነው፤ «ኔቱ ዛሬም ይጎተታል»። አንዱ ከቤት ነው የሚሠራው፣ የሌላው ልጅ ኦንላይን ትምህርት አለበት፣ እናት ውጭ አገር ካለ ልጇ ጋር በቪዲዮ ልታወራ ስትል ፊቱ መሃል ላይ ደርቆ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚያገኘው መፍትሔ ደግሞ ፓኬጅ ማሳደግ ነው። በወሩ ሂሳቡ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን ያው የድሮው።

ወዳጆቼ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እስቲ የሽቦውን ታሪክ አብረን እንይ። ቤታችሁ የሚገባው ኢንተርኔት በተለያየ ዘመን፣ ለተለያየ ሥራ የተሠሩ ነገሮች ተቀጣጥለው የሚያመጡት ነው። የትኛው ቁራጭ ለምን እንደተሠራ ያወቀ ሰው ችግሩን ለማግኘት ግማሽ መንገድ ሄዷል።

መጀመሪያ ድምፅ ነበረ

የአገራችን ቴሌ ዕድሜውን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ነው፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መስመሩን ለመጠገንና ለማስፋፋት የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1951 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዓመቱ ደግሞ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ስሙ ባለሥልጣን፣ ኮርፖሬሽን እየተባለ መጥቶ በ2003 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ወደ ቤት የተዘረጋው መስመር አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ የሰው ድምፅ ማድረስ። ስልክ ለድምፅ የሚጠቀመው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ጠባብ ክልል ነው። ለዚህ ሁለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከበቂ በላይ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ቢርቅም፣ መሃል ላይ አሥር ቦታ ቢቀጠልም «ሃሎ!» ይሰማል። ሽቦውን የዘረጉት ሰዎች ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። አንድ ቀን ፊልም እናሳልፍበታለን ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ኢንተርኔት በድሮው ሽቦ ላይ ተሳፈረ

ኢንተርኔት በይፋ የገባው በጥር 1989 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ኢሜይል የሚላላኩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል። የመጀመሪያው ኢንተርኔት በስልክ ተደውሎ የሚገባበት ነበር። ሞደሙ ይጮሃል፣ መስመሩ ይያዛል፣ በዚያ ሰዓት ለቤቱ የሚደውል ሁሉ «ተይዟል» ይባላል። የዚያ ዓይነት ሞደም ጣሪያው በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነው። ባለ 3 ሜጋ ባይት አንድ ዘፈን ለማውረድ ምንም ሳይቋረጥ ከ7 ደቂቃ በላይ ማለት ነው።

በሚሌኒየማችን አካባቢ ብሮድባንድ (ኤዲኤስኤል) ተስፋፋ። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ድምፁ ከታች ባለው ክልል ይሂድ፣ ዳታው በዚያው ሽቦ ላይ ከድምፁ በላይ ባለው ፍሪኩዌንሲ ይለፍ። አዲሱ ዓይነት እስከ 2.2 ሜጋ ሄርዝ ይወጣል፤ ማዕከሉ አጠገብ ላለ ቤት እስከ 24 ሜጋ ቢት ይሰጣል። ችግሩ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር መዳቡ ቶሎ ይበላዋል። አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርሱ የሚቀረው አንድ ወይ ሁለት ሜጋ ነው።

ቤቴል እዚህ ጋ ነው ታሪኩ ውስጥ የሚገባው። ሰፈራችን ከከተማው ምዕራብ ዳር ነው። ከአየር ጤና፣ ከወይራ ሰፈር፣ ከዓለም ባንክ ጋር ቤት በቤት ላይ እየተጨመረ ሰፋ። እንዲህ በሚያድግ ሰፈር መስመርም እየተቀጠለ፣ ከአንዱ የስልክ እንጨት ወደ ሌላው እየተሳበ ይሄዳል። ለድምፅ ምንም ያልሆነው ቅጥያ ለዳታ ቁስል ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ይገባበታል፣ ይዝጋል። መንገድ ሲቆፈር ደግሞ ይበጠሳል፤ ተቆራጩ እንደገና ይቀጠላል።

ቀጥሎ ሞባይል መጣ፤ 4ጂ አዲስ አበባ የገባው በ2007 ዓ.ም ነው። የሕዝቡም ዓይን፣ የአገሩም ገንዘብ ወደዚያ ዞረ። መዳቡ ባለበት አረጀ። አሁን ፋይበር ወደ ቤት እየገባ ነው፤ ግን ሁሉም በር ጋ አልደረሰም። አንዱ ግቢ ፋይበር፣ ጎረቤቱ መዳብ የሆነው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ቁራጭ ከአገር ውጭ ነው። የባሕር በር ስለሌለን የፋይበር መስመራችን በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል ነው ባሕር ጋ የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮም፣ ኢአይጂ እና ኤኤኢ-1 የሚባሉት ኬብሎች ሲጎዱ የብዙ አገር ኢንተርኔት ተንገዳግዷል። አንዳንዱ መዘግየት ከቤታችሁም ከሰፈራችሁም ውጭ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንፈልገው?

ከአዲሱ ወደ አሮጌው ሂዱ።

1. ዋይፋዩ። ላፕቶፕ በገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። በገመድ ደህና ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። 2.4 ጊጋ ሄርዝ ላይ የማይደራረቡ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤት ሁሉ አንዱ ላይ ከተጨናነቀ ቀይሩ። ሞደሙንም ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጡት።

2. ስሌቱ። 8 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ 1 ሜጋ ባይት ነው። «8 ሜጋ ገዝቼ 1 ብቻ ይሰጠኛል» የሚል ሰው አንዳንዴ የሚገባውን ሁሉ እያገኘ ነው።

3. ሰዓቱ። ከምሽቱ 2 ሰዓትና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለኩ። ሌሊት ፈጥኖ ማታ ከዘገየ መጨናነቅ ነው። ፋይበር ላይ እንኳ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ የሆነች አንዲት መስመር ለ32 ወይም ለ64 ቤት ትከፈላለች።

4. የቤት ውስጥ ሽቦ። መኝታ ቤትና ሰርቪስ ቤት የሄዱትን የስልክ ቅጥያዎች ነቅላችሁ ሞደሙን ብቻውን መጀመሪያ መስመሩ የሚገባበት ላይ ሰኩት። ከተሻሻለ ጥፋተኛው ቅጥያው ወይ ስፕሊተሩ ነው።

5. የውጭው መዳብ። መደበኛ ስልኩን አንሱና አንድ ቁጥር ተጫኑ፤ ዝም ማለት አለበት። ጭርጭር ካለ የሆነ ቦታ ቅጥያው ዝጓል። ሞደሙ ገጽ ላይም «አቴንዩዌሽን» የሚለውን እዩ፤ ከ50 ዴሲቤል በላይ ከሆነ መስመሩ ሩቅ ወይ የተጎዳ ነው። «ኤስኤንአር ማርጂን» ከ6 በታች ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቆራረጣል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ሞደሙ ከመስመሩ ጋር የተገናኘበት ፍጥነት 4 ሜጋ ከሆነ፣ የ10 ሜጋ ፓኬጅ ብትገዙ የምታገኙት 4 ነው። ቀሪው 6 ወር በወር የምትከፍሉበት አየር ነው። ሽቦው የማይሸከመውን ፓኬጅ አያመጣውም።

994 ስትደውሉም «ኔት ቀርፋፋ ነው» ብቻ አትበሉ። «በገመድ ለክቼዋለሁ፣ ቅጥያ ነቅያለሁ፣ መስመሩ ድምፅ አለው፣ አቴንዩዌሽኑ ይሄን ያህል ነው» በሉ። ያኔ ሞደሙን አጥፍታችሁ አብሩት ከሚል ምክር ታልፉና ባለሙያው ቀጥታ ወደ እንጨቱ ይወጣል። መዳቡ አርጅቶ ከሆነ ደግሞ አንድ ቤት ብቻውን ከሚጮህ፣ የአንድ መንገድ ጎረቤቶች ተሰብስበው ፋይበር ቢጠይቁ ይሻላል። ድር ቢያብር ነውና።

ቤቴልና አካባቢው ያላችሁ፣ ቤታችሁ መደበኛ ስልክ የገባው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? አሁን የምትጠቀሙትስ መዳብ ነው ፋይበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የትኛው መንገድ ላይ ምን እንዳለ አብረን እንወቅ። ፓኬጅ ሊያሳድግ ላሰበ ጎረቤትም ሼር አድርጉለት።