የሲድኒ ኦሊምፒክ ድረ ገጽና የብሩስ ማጓየር ክስ

የሲድኒ ኦሊምፒክ ሲነሣ ለኢትዮጵያውያን ፈጥኖ ትዝ የሚላቸው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2000 በኃይሌ ገብረ ሥላሴና በኬንያዊው ፖል ቴርጋት መካከል የተደረገው የ10,000 ሜትር ፉክክር ነው። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገቡ። ይህን የመሰለ ውጤት በሠንጠረዥ ተደርድሮ በዓይን ለሚያይ ሰው ምንም አያሻማም። በጣቱ ወይም በጆሮው ለሚያነብ ዓይነ ስውር ግን ሠንጠረዡ በሚገባ ካልተሰናዳ፣ የትኛው ቁጥር የየትኛው ሯጭ እንደ ሆነ የማይታወቅ የአኃዝ ክምር ይሆንበታል። በዚያ ኦሊምፒክ ዋዜማ በድረ ገጽ ሥራ ታሪክ ውስጥ ስፍራ ያገኘ ክርክር የተነሣውም በከፊል በዚሁ ነገር ነበር።

አውስትራሊያዊው ዓይነ ስውር ብሩስ ማጓየር ኮምፒዩተር የሚጠቀመው ጽሑፍን ወደ ብሬል ነጥቦች በሚለውጥ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ፊደል እንጂ ሥዕል አያነብም። በኦሊምፒኩ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ብዙው መረጃና ወደ ሌላ ገጽ የሚያሸጋግረው ምልክት ሁሉ በሥዕል የተሠራ ነበር። ማጓየር እ.ኤ.አ. በጁን 1999 አዘጋጅ ኮሚቴውን ለአገሪቱ የሰብዓዊ መብትና የእኩል ዕድል ኮሚሽን ከሰሰ። በድረ ገጹ ላይ የጠየቀውም ሦስት ነገር ነው፤ ለሥዕሎቹ ምትክ ጽሑፍ እንዲገባ፣ ከመርሐ ግብሩ ገጽ ወደ ስፖርቶቹ ማውጫ የሚያደርስ መንገድ እንዲከፈት፣ የውጤት ሠንጠረዦቹም እንዲነበቡ።

ጥያቄው እንግዳ አልነበረም። የዓለም አቀፉ ድር ጉባኤ፣ ሥዕል ሁሉ ምትክ ጽሑፍ ይኑረው የሚለውን መመሪያ ያወጣው ክሱ ከመቅረቡ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በሜይ 5 ቀን 1999 ነው። በዚያን ዘመን በቀርፋፋ የስልክ መስመር የሚገለገሉ ብዙዎች ገጹ ቶሎ እንዲከፈትላቸው ሥዕሉን አጥፍተው ያነቡ ስለ ነበር፣ ምትክ ጽሑፍ የሚጠቅመው ለዓይነ ስውራን ብቻ አልነበረም።

ኮሚቴው የመለሰው በቁጥር ነበር። መለወጥ ያለባቸው የገጽ ቅጾች 1,295 ናቸው፤ እያንዳንዱ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ሥራው ለአንድ ሰው 368 ቀን ይወስዳል፤ ለተጨማሪ መሣሪያም 2.2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያስፈልጋል አለ። የስፖርት ማውጫውን በተመለከተ፣ ዓይነ ስውሩ የእያንዳንዱን ስፖርት አድራሻ ራሱ ጽፎ ሊገባ ይችላል የሚል መከራከሪያም ቀርቧል። አድራሻውን ከየት አግኝቶ እንደሚጽፈው ግን መልሱ አልተብራራም።

የማጓየር ባለሙያ ምስክሮች፣ አውስትራሊያዊው ቶም ዎርዚንግተንና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዩታ ትሬቪራኑስ፣ ይህን ስሌት አልተቀበሉትም። አንድ ቅጽ ማረም ወደ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ አንድ ልምድ ያለው ሠሪ ከጥቂት ረዳቶች ጋር በ4 ሳምንት ይጨርሰዋል አሉ። በ2 ሰዓትና በ10 ደቂቃ መካከል ያለው ርቀት የሙያ አስተያየት ልዩነት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። መሥራት የማይፈለግ ሥራ ዘወትር ረጅም ሆኖ ይገመታል። ከሁሉ የሚያስቆጨው ደግሞ ምትክ ጽሑፉ ገጹ ሲነደፍ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በማንም የሥራ ሰሌዳ ላይ ጎልቶ የማይታይ ድካም የነበረ መሆኑ ነው።

ኮሚሽኑ በኦገስት 24 ቀን 2000 ፈረደ። ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው፣ በአካል ጉዳተኞች ላይ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የሚመለከተው አገልግሎት ነው፤ የተባለውም ከባድ ሸክም አልተረጋገጠም አለ። ኮሚቴው ሦስቱን ጥያቄዎች ውድድሩ እስከሚከፈትበት እስከ ሴፕቴምበር 15 እንዲፈጽም ታዘዘ።

ቀኑ ደረሰ፤ የተስተካከለው ግን ከፊሉ ብቻ ነበር። ኃይሌና ቴርጋት ሮጡ፤ ኦሊምፒኩም በኦክቶበር 1 ተዘጋ። በኖቬምበር 6 ቀን ኮሚሽኑ ኮሚቴው ለማጓየር 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ እንዲከፍል ሲወስን፣ የውድድሩ ውጤት ከተነገረ አንድ ወር አልፎት ነበር።